ሮቶ ሙሉ ውሃ እያለ

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ጄኔሬተር ያስታወሰ፣ ድምፅ ማጉያ ያስታወሰ፣ ለሁላችንም አንድ ዓይነት ቲሸርት ያሳተመ የጉዞ ኮሚቴ፣ ሴት ልጅ የት እንደምትሸና ማሰብ አቃተው።

ከሸዋ ሮቢት የተነሣነው በሐዋርያት ጾም ነው። ከጀውሃ ወደ ቆላው ገባ ብሎ ለሚሠራ አንድ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ልናቀብል፣ አሸዋ ልንነፋ፣ ሳምንቱን በድንኳን ልናድር። እኔ ከተማው ውስጥ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ ሱቅ መቀመጥ ሰልችቶኝ ነበር። ታላቅ እህቴ ግን ለበረከት ብላ ነው የወጣችው። ባለፈው ዓመት የኩላሊት ጠጠር መሬት ለመሬት ሲያንከባልላት ሐኪሙ «እናቴ፣ ውሃ ይጠጡ፤ በዚህ ሙቀት ካልጠጡ ይመለስብዎታል» ብሏት ነበር። አብሬያት የሄድኩት ለዚህም ጭምር ነው፤ ውሃ ላስጠጣት።

ቦታው ገላጣ ሜዳ ነው። ግራሩን ከሰል አክሳዮች ጨርሰውታል፤ የቀረው ጉቶና ፍየል የጋጠው ቁጥቋጦ ነው፤ ቁመቱ ጉልበት አይደርስም። የኮሚቴው ሰብሳቢ እንደ ደረስን በኖራ መስመር አሰመረና «ከዚህ ወዲህ የተቀደሰ ስፍራ ነው፤ ለሽንትም ለሌላም ከመስመሩ ውጭ» አለን። ልክ ነው፣ ማን ተቃወመ? ከመስመሩ ውጭ ግን ምን አለ? ወንዶቹ መስመሩን አለፍ ይሉና ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ጨርሰው ይመለሳሉ። ብቸኛው መከለያ የወንዙ ቦረቦር ነበር፤ እሱንም ለመታጠቢያ ያዙት። አመሻሽ ላይ መዝሙር እያሉ ሲንቦጫረቁ ይሰማናል። እኛ ሴቶቹ ድንኳን ውስጥ ተደብቀን ብብታችንን በእርጥብ ጨርቅ እናብሳለን። የወር አበባዋ የመጣባት አንዲት ልጅ ሞዴሷን የምትቀይርበት አጥታ ቀኑን ሙሉ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዋለች። ሰነፍ አሏት።

ከልጅነታችን ጀምሮ «ንጹሕ ሆናችሁ ቅረቡ» እየተባልን ነው ያደግነው። ንጽሕና የነፍስ ብቻ ሳይሆን የገላም መሆኑን ማንም ሊነግረን አያስፈልግም፤ ሰውነቱ የቆሸሸ ሰው ለጸሎት ሲቆም ራሱን ይጸየፋል። እዚያ ሜዳ ላይ ግን ጠዋት ጠዋት ጸሎት ሲደረስ፣ ወንዶቹ ታጥበው ፊት ሲቆሙ፣ እኛ ሴቶቹ ላባችን ይሸታል ብለን ዳር ላይ እንኮለኮል ነበር። ይህንንም ትሕትና አሉት።

ሴቶቹ በመጨረሻ መላ ዘየድን። ማንም ማንንም ሳይመክር፣ ሁላችንም ውሃ መጠጣት ተውን። ጎህ ሳይቀድ፣ ጅብ እየፈራን፣ ተያይዘን እንወጣለን፤ ከዚያ በኋላ እስኪጨልም ድረስ ጉሮሯችን ቢሰነጠቅ ጠብታ አንቀምስም። ከድንኳኑ አጠገብ ሮቶ ሙሉ ውሃ ቆሟል። የጾሙ መፍቻ ሰዓት ደርሶ ወንዶቹ ጆግ እየተቀባበሉ ሲገለብጡ፣ እኛ እንጀራችንን በደረቁ እንውጣለን።

«እትዬ፣ ጠጪ» እላታለሁ።

«አልጠማኝም።»

«ሐኪሙ ምን ብሎሽ ነበር?»

«ሐኪሙ ሜዳ ላይ ቀሚስሽን ገልበሽ ተቀመጪ ብሎኛል? ተይኝ እስቲ።»

እየዋለ ሲያድር ጎኗን መያዝ ጀመረች። አሸዋ እየነፋች ድንገት ትቆምና ከንፈሯን ነክሳ ትጠብቃለች፤ ሲያልፍላት ትቀጥላለች። ፊቷ አመድ መሰለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብላት፣ ብቆጣት፣ ብለምናት «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ መልስ የላትም። ወደ ሰብሳቢው ሄድኩና «ለሴቶች መጸዳጃ ቆፍሩልን፤ በሸራ ከልሉልን» አልኩት።

«ጥሩ ሐሳብ ነው፤ በኮሚቴ እናየዋለን» አለኝ።

በኮሚቴ! ሽንት በኮሚቴ ሲታይ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ስብከት ሆነ። ሰባኪው ወጣት ዲያቆን ነው፤ አንደበቱ ማር ነው፣ አልዋሽም። ስለ ጾም ሲያስተምር ቆየና ወደ እኛ ዞረ።

«እህቶቻችሁን ተመልከቱ! እኛ ጾማችንን ፈትተን ውሃ ላይ ስንረባረብ፣ እነሱ በዚህ ሐሩር ጠብታ አይቀምሱም። ተጋድሎ ማለት ይህ ነው!» ጣቱን ወደ እህቴ ቀሰረ። «እኚህን እናት እዩ፤ ከንፈራቸው ደርቋል፤ ነፍሳቸው ግን ረክታለች!»

እልልታው ቀለጠ። እህቴ ጎኗን በክርኗ ተጭና አንገቷን ደፋች።

አልቻልኩም፤ ተነሣሁ።

«ወንድሜ፣ ተጋድሎ አይደለም። የምንሸናበት ስለሌለን ነው።»

እልልታው ቀጥ አለ። አንዷ ከኋላ ቀሚሴን እየጎተተች «ኧረ ነውር ነው፣ ቁጭ በይ!» አለችኝ።

«ነውሩስ እህቴ በኩላሊቷ ስትሰቃይ እናንተ ማጨብጨባችሁ ነው። ሙሴ እንኳ እስራኤልን በምድረ በዳ ሲያሰፍር፣ ከሰፈሩ ውጭ የምትወጡበት ይኑራችሁ፣ መቆፈሪያ ያዙ፣ ሸፍኑትም ብሏል፤ እግዚአብሔር በሰፈሩ መካከል ይመላለሳልና። ፈጣሪ ያላፈረበትን ነገር እናንተ ምን ቤት ናችሁና ታፍሩበታላችሁ? አካፋውንስ ለማን ነው ያስቀመጣችሁት?»

ሰባኪው ማጉያውን ዝቅ አደረገ። ሰብሳቢው «እህታችን፣ ይህ እንኳ በሥርዓቱ ቢሆን...» ብሎ ሲጀምር፣ ከሰባኪው አጠገብ ተቀምጠው የነበሩት የአጥቢያው ሽማግሌ ቄስ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አደረጉ።

«ዝም በል አንተ። አካፋ አምጡ።»

ተቆፈረ። ሸራ ተወጠረ፤ ባንዱ በኩል መጸዳጃ፣ በሌላው በኩል መታጠቢያ። ወጥ የሚበስልበትን ጊዜ ያህል እንኳ አልፈጀም። ለዚህ ነው እንግዲህ ያን ሁሉ ቀን ጉሮሯችን የደረቀው!

ግን ማን ሄደ? ማንም አልሄደም። አሁን ደግሞ ወደዚያ ሸራ የምትራመድ ሴት ለምን እንደምትራመድ ሕዝቡ ሁሉ ያውቃል። ሴቶቹ ጉልበታቸውን አቅፈው መሬት ይጭራሉ፤ ወንዶቹ አካፋቸውን ተደግፈው ያያሉ። ሴቶቹ የባሰ አናደዱኝ። ወንዶቹስ ደርሶባቸው አያውቅም፤ እኛ ለራሳችን እንዲህ ከሆንን ማን ያዝንልናል? ከሮቶው ጆግ ሙሉ ቀዳሁና በቁሜ ጨለጥኩት፤ ውሃው ባገጬ ወርዶ ደረቴን አራሰው። ለእህቴ ደግሜ ሞላሁና ወደ እሷ ዞርኩ።

«ቁሚ እዚያው!» አለችኝ።

ልትሰድበኝ መስሎኝ ነበር፤ በሰው ፊት ጉዷን አውጥቻለሁና ብትሰድበኝም አልፈርድባትም። መሬቱን ተመርኩዛ ተነሣች። ጎኗን ይዛ ወደ እኔ መጣችና ጆጉን ከእጄ ተቀበለች። አማተበች። እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

«ታላቅሽ ነኝ» አለችኝ አፏን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «እኔ ልቅደም።»

ነጠላዋን አስተካክላ፣ ያን ሁሉ ወንድ በመካከሉ አቋርጣ፣ ሳትቸኩል ሄደች።