በቀበሌው ግድግዳ ላይ የነበረው መስክ

ልጅ እያለሁ ለምለም መስክ የማውቀው በቀበሌያችን ግድግዳ ላይ ነበር። ለካዛንቺስ ልጅ ሣር ማለት ለበዓል ከጉሊት ተገዝቶ ወለሉ ላይ የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ነው። በሰሜን ድንበር ጦርነት በተጀመረ ሰሞን ግን ከቀበሌው በር አጠገብ አንድ ትልቅ ሥዕል ተለጠፈ። አረንጓዴ ኮረብታ፣ ኩልል ያለ ወንዝ፣ ሁለት ሰንጋ በሬዎች፣ ዛፍ ሥር ልጅ ያቀፈች ሴት፣ ከኋላቸው ጠመንጃ የያዘ ወታደር። «ይህች ምድር ያንተ ናት» ይላል። ሙጫው እስኪደርቅ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ሙጫ ሙጫ ሸተተ። እኛ ሴቶቹ እዚያው ሥር ሱዚ እየዘለልን ለበሬዎቹ ስም አወጣንላቸው።

ታላቅ ወንድሜ ዳንኤል ከካዛንቺስ ለገሃር በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ወያላ ነበር። ከከተማ ወጣ ካለ ደብረ ዘይት ድረስ ነው፤ በሬ ያየውም ለቅርጫ ሲታረድ ብቻ ነው። እሱ ነው እንግዲህ ከሥራ ሲመለስ ያ ሥዕል ፊት ቆሞ የሚቀረው። አንድ ቀን እራት ላይ «ተመዝግቤያለሁ» አለን።

እናቴ የተወለደችው ጦርነቱ ከተነሳበት ድንበር ብዙም በማይርቅ ገጠር ነው። እንደዚያን ቀን ስትቆጣ አይቻት አላውቅም።

«ያደግኩበትን አገር ለእኔ ልትነግረኝ ነው? እዚያ ያለው ድንጋይና በለስ ነው! ውሃ ለመቅዳት ግማሽ ቀን ነበር የምንሄደው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!»

«በቃ እማዬ፣ ሥዕል እኮ ነው» አላት እየሳቀ። «አገር ግን አገር ነው።»

«አገር ከሆነማ ለምን ድንጋዩን አይስሉትም?»

ዳኒ እጁን ሊታጠብ ተነሳ። ጥያቄዋን እስከ ዛሬም የመለሰልኝ ሰው የለም።

ከመሄዱ በፊት ሜክሲኮ አካባቢ ፎቶ ተነሳ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ገበያው ሸቶት ያንኑ ሥዕል በሸራ አስገልብጦ ሰቅሎታል፤ ዘማቾቹ ተሰልፈው በየተራ ወንዙ ዳር ይቆማሉ። ወንድሜም ቆመ። ከጎረመሰ በኋላ የተነሳው ፎቶ እሱ ብቻ ነው።

ክረምቱ ሳይገባ፣ አንድ ማለዳ፣ የዕድራችን ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በራችንን አንኳኩ። ለቅሶው ላይ አጎቴ ያንን ፎቶ በትልቁ አሳጥቦ አመጣውና ድንኳኑ ውስጥ ተሰቀለ። ለቅሶ ለመድረስ የመጣ የቀበሌው ሹም በጣቱ መስኩን እያሳየ «ለዚህች ምድር ነው የሞተው፣ እናቴ። ይጽናኑ» አላት።

እናቴ ማልቀሷን አቆመች። ተነስታ ፎቶውን አወረደችው፤ መስታወቱን አወጣችና መቀስ አስመጣች። ፎቶውን ከነመቀሱ ለእኔ ሰጠችኝ።

«ልጄን ከዚህ አውጪልኝ» አለችኝ።

ሰው ሁሉ እያየኝ በትከሻው፣ በፀጉሩ ዙሪያ ቀስ ብዬ ቆረጥኩት። ወንዙም በሬዎቹም መሬት ወደቁ። ሹሙ እግሩ ሥር የወደቀውን መስክ ሲያይ ቆየና ሹልክ ብሎ ወጣ። ዳኒ ዛሬም እናቴ ሳሎን ውስጥ በነጭ ወረቀት ላይ ተለጥፎ አለ።

ያ ቀበሌ አሁን የለም። የእኛም ቤት የለም። እኛም ጎረቤቱም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነናል፤ ዕድሩም አብሮ ፈረሰ። ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል፣ ቆርቆሮው ላይ ደግሞ ሥዕል አለ፦ ሣር፣ ፏፏቴ፣ የሚስቅ ቤተሰብ። ዓመታት አልፈዋል፣ ዛሬም ሣር ነው የሚስሉልን! በፊት ልጁን ወሰዱና ሣር አሳዩን፤ አሁን ቤቱን ወሰዱና ሣር አሳዩን።

ሰፈሬን ላሳያት ይዣት የሄድኩት ልጄ ሮጣ ሥዕሉ ፊት ቆመች። «እማዬ፣ እዚህ ጋ ፎቶ አንሺኝ! ሲያምር!»

«ውጪ ከዚያ!» ብዬ ጮህኩባት። ደነገጠች፤ እሷ ምን ታውቃለች። እጇን ይዤ ቆርቆሮው በተቀደደበት አስገባኋትና የደጃችን ደረጃ የነበረው ድንጋይ ላይ አቆምኳት። ጫማዋ አቧራ ሆኗል፤ ፀሐዩ ዓይኗን አስጨፍኗታል። እንደዚያው አነሳኋት።