ዜማ የሚያውቀው ጩኸት

ጆሮ ይሉታል። ስም አጥቶ አይደለም፤ ግን ፍሪጅ ሳይከፍት የፍሪጅ በሽታ የሚናገር ጠጋኝ ሌላ ምን ይባላል? ገና በር ላይ ቆሞ አንገቱን ዘመም ያደርግና፣ ሞተሩ ደህና ነው፣ ማራገቢያው ነው የተጣመመው ይላል። ሲፈታ በእርግጥም ማራገቢያው ተጣሟል። ሃያ ስድስት ዓመት እንጀራው ይኸው ነው፤ በዚህም ትንሽ ይኮራል። ትንሽ ያልኩት እንኳ ስለምወደው ነው።

እንግዲህ ይህ ጆሮ የተባለ ሰው፣ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ጊታሩ ውስጥ የገባውን ጩኸት ሰባት ወር ሙሉ ፈልጎ አጣው። ጉድ እኮ ነው!

ኤሌክትሪክ ጊታሩን የገዛው ሃምሳ ዓመት በሞላው ሳምንት ነው። ከአስራ ዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ሲመኘው የኖረ ነገር ነበር፤ ትዳሩ መጣ፣ ልጁ መጣ፣ የቤት ኪራዩ መጣ፣ ጊታሩ ግን ተራው አልደርስ አለው። በመጨረሻ ሲደርሰው ደግሞ አማቹ ባንዱ ውስጥ ቦታ ሰጠው። አማቹ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው፤ መኪና መንዳት ያስተምራል፣ ቤዝ ጊታር ይጫወታል፣ ተማሪዎቹን በሚቆጣበት አፉ አራት ሰው ያለበትን ባንድ ይመራል። ጆሮ ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ፍሪጅ ሲጠግን እንኳ በመፍቻው ጣቱን ያለማምዳል።

አርብ ማታ አማቹ ደወለ። የሰፈሩ አዳራሽ ኃላፊዎች በእሁድ ከሰዓት ፕሮግራም የሚጫወተውን ባንድ ለመምረጥ ቅጂ ጠይቀዋል፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ድርሻ ቤቱ ቀድቶ ቅዳሜ እስከ አስር ሰዓት ይላክልኝ አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ያ ቤትህ ስትቀዳ ጊታርህ ውስጥ የሚጮኸው ዝንብህ አብሮ ከመጣ ቦታህን ለሌላ እሰጣለሁ። የእህቴ ባል ነህ ብዬ አላልፍህም።"

ጆሮ ሌሊቱን እንቅልፍ ባይኑ አልዞረም። ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቀው ቦታ በአንድ እዝዝታ ሊሄድ ነው።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሳሎኑ ውስጥ ምርመራውን ጀመረ። መጀመሪያ ኬብሉን ቀየረ፤ ቆም ብሎ ሲያዳምጥ ጸጥ። ደስ ብሎት ዘፈኑን ሲጀምር፣ እዝዝ። ፍሎረሰንቱን አጠፋ፤ ጸጥ። ሲጫወት፣ እዝዝ። የስልክ ቻርጀሩን ነቀለ፣ ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ ኮሪደር ላይ አስቀመጠ፣ የገዛ ፍሪጁን ሳይቀር ከሶኬት ነቀለ። ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ፣ ወደ ግድግዳ አዞረ፣ አንድ ጊዜማ ግማሽ ሰውነቱን ቁም ሳጥን ውስጥ ከትቶ ተጫወተ። በዚያ ቀን ጥፋተኛውን አስራ አንድ ጊዜ አግኝቷል። አስራ አንድ ጊዜም ንጹሁን ሰው አስሮ ነበር።

ከጩኸቱ ይልቅ ልቡን የሚሰብረው ግን ሌላ ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት ክፍሏ ከሳሎኑ ጋር በአንድ በር ይገናኛል። እሱ ጊታሩን ሲሰካ እሷ ብድግ ብላ በሩን ትዘጋለች። ሰባት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ከፍታ ትታው አታውቅም። እሷም አልቻለችውም ማለት ነው ብሎ ነገሩን በሆዱ ይዞት ኖሯል።

ስምንት ተኩል ላይ ተስፋ ቆርጦ ስልኩን አምፕሊፋየሩ ፊት አስቀመጠና ከነጩኸቱ ቀዳው። ከዚያ ቁጭ ብሎ አዳመጠ። አንድ ጊዜ ሰማው፤ ደገመው፤ በሦስተኛው ጠጉሩ ቆመ።

ጩኸቱ ዜማ ያውቃል። ዘፈኑ ሲያርፍ ያርፋል፣ አዝማቹ ላይ ሲፈጥን ይፈጥናል። ይባስ ብሎ፣ መሃል ላይ ጣቱ ጠፍቶበት በቆመበት ቦታ ጩኸቱም ቆሞ ጠብቆታል፤ ሲቀጥል አብሮት ቀጥሏል።

ተነሳና ሞከረው። ዘፈኑን ጀምሮ በድንገት ቀጥ አለ። ጩኸቱ ትንሽ አልፎ ሄዶ እሱም ቀጥ አለ። እንደገና ጀመረ፣ እንደገና አቆመ፤ ያው ነው። ድብብቆሽ የሚጫወት ሕፃን አምፕሊፋየሩ ውስጥ የተቀመጠ መሰለው። ሳቁ መጣበት፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ዘፈኑን የሚሰማ ሌላ ሰው ቤቱ ውስጥ አንድ ብቻ ነው። ከዚያ ኬብሉ ረጅም ነውና በግራ እጁ ብቻ ክሮቹን እየመታ፣ በጫማው ጫፍ እየሄደ፣ በቀኝ እጁ የሚስቱን በር ከፈተ።

ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። የተማሪ ሱሪ በግራ በቀኟ ተከምሯል። እግሯ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የስፌት መኪና ፔዳል ላይ ነው፤ በየምቱ ነካ፣ ለቀቅ፣ ነካ። ትከሻዋ ይወዛወዛል። በነካች ቁጥር ከሳሎን አምፕሊፋየሩ እዝዝ ይላል። ጆሮ እጁን ሲያቆም እግሯም ቆመ፣ ቤቱም ጸጥ አለ።

"ቀጥል እንጂ፣ ኪሱ ቀርቶኛል" አለች ዞር ሳትል፣ ሳሎን ያለ መስሏት።

የሞተሩ ጩኸት በቤቱ መብራት መስመር እየዞረ ጊታሩ ውስጥ ሲገባ ከርሟል። የሰውን ሞተር ሁሉ የሚያዳምጠው ሰውዬ፣ ሃያ ሰባት ዓመት አብሮት የኖረውን የቤቱን ሞተር ጆሮው መስማት ትቶ ነበር። እሱ ለማዳመጥ ሲያቆም እሷ ደግሞ ዘፈኑ አለቀ ብላ እግሯን ታነሳለች። በዚህ ዓይነት እንኳን ሰባት ወር ሰባት ዓመትም ቢፈልግ አያገኘውም።

ዞር ስትል በሩ ላይ አየችውና ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ታዲያ በሩን ለምን ትዘጊያለሽ አላት።

"ስወዛወዝ እንዳታየኝ ነዋ። በዚህ ዕድሜዬ?"

እሱ መጫወት ከጀመረ ወዲህ ስፌቷ ተስተካክሏል፤ ደንበኞቿም አዲስ መኪና ገዛሽ እንዴ እያሉ ይጠይቋታል። ጆሮ ደስታው አቅሉን አሳተውና ሱሪዎቹ ላይ ዘጭ አለ፤ ገፍትራ አስነሳችው።

የስፌት መኪናውን ነቀሉ። እዝዝታው ድራሹ ጠፋ። ጆሮ ቀዳ፤ ንጹሕ ነው፣ ግን አያስደምጥም። አዝማቹ ላይ አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ይመስል ይሮጣል። ደገመ፤ ባሰበት። ሰዓቱ ለአስር ሃያ ጉዳይ ሆኗል።

"ምነው ዛሬ ትሮጣለህ?" አለች ከበሩ።

ያኔ ገባው። በዚያ እዝዝታ ሰባት ወር ምቱን የያዘችለት እሷ ነበረች። ወንበሯን አምፕሊፋየሩ አጠገብ አመጣ፣ ፔዳሉን ከመኪናው ፈትቶ ከእግሯ ስር አስቀመጠላት። ሶኬት የለ፣ ሞተር የለ። ባዶው ፔዳል ጠቅ እያለ እግሯን ጫን፣ ለቀቅ ስታደርግ ዓይኑን ጫማዋ ላይ ተክሎ ተከተላት። አዝማቹ ላይ ሲደርሱ ትከሻዋ ጀመረ፤ ልደብቀው ብትልም አልሆነላትም። ለአስር ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ቅጂው ተላከ።

ጊታሩን ከአንገቱ ሳያወልቅ ስልኩ ጮኸ፤ ስፒከር ላይ አድርጎ አነሳው።

"ዝንቡ ሞቷል" አለ አማቹ። "ግን ከስር ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር አለ። እሱ ምንድን ነው?"

ጆሮ ሚስቱን አያት። አፏን በሁለት እጇ ይዛ ትስቃለች።

"እሱ አይጠገንም" አለ።

አማቹ ቅጂውን እንደገና ከፍቶ አዳመጠ።

"ማን ጠግነው አለህ? ከተመረጥን መድረክ ላይ ይዘኸው ትወጣለህ።"

ከማድ ቤት ከተነቀለው ፍሪጅ የቀለጠው ውሃ ቀስ እያለ ወደ ሳሎን ይመጣል፤ የሰማውም ያየውም የለም። ሚስቱ ወደ ስፌት ክፍሏ ተመልሳ በዚያ ሁሉ የሱሪ ክምር መሃል ቆማ ግራ ገብቷታል።

"ታዲያ ምን ልለብስ ነው?" አለች።