በምርቃና የመሰከርኩላት ጥይት

ይህን ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም። ለእናንተ ልናገር፤ እናንተ ቢያንስ እራት አትከለክሉኝም።

እኔ ፈረስ መጋላ የባጃጅ መለዋወጫ የምሸጥ ሰው ነኝ። ስለ ኩሽኔታ ጠይቁኝ። ስለ ጠብመንጃ ግን ምንም አላውቅም። ታዲያ የዚያን ቀን ምን አናገረኝ? የጫት ምርቃና ነዋ። በርጫ ላይ ተቀምጦ «አላውቅም» ያለ የሐረር ሰው እስቲ አሳዩኝ።

አማቴ ሐጂ ሙሜ የድሬ ጠያራ ገበሬ ናቸው። ትንሿ ልጃቸው በማግስቱ ልትዳር ነበር፤ ሙሽራ ስትወጣ አባት አንዴ ወደ ሰማይ መተኮሱ በነሱ መንደር ወግ ነው። የአባታቸው ምንሽር ጠብመንጃ አለች፣ ጥይቷ ግን አልቋል። ከጎረቤት ያገኙትን ጥይት ከምንሽሯ አሮጌ ቀለህ ጋር ይዘው፣ እኔና ጓደኞቼ ጫት ላይ ሳለን ሱቄ መጡ።

«ልጄ፣ ይቺ የሷ ናት? አንተ ብረት ታውቃለህ» አሉኝ።

ጎን ለጎን አቆምኳቸው። ጥይቷ አጠር፣ ቀጠንም ትላለች። ከሥራቸው የተጻፈውም አንድ አይደለም። አየሁ፤ እኔው በዓይኔ አየሁ። «ወላሂ ልክ ናት፣ ትጎርሳታለች» አልኩ። ያውም በወላሂ።

መሸት ሲል ምርቃናው በረደ፣ ልቤም ተመለሰ። ጥይት በግምት አይለካም፤ ጠብመንጃው ላይ የተጻፈውና ጥይቷ ላይ የተጻፈው ካልገጠመ አይጎረስም፣ ያላወቀም የሚያውቅ ይጠይቃል። ስልኬ እጄ ላይ ነበር። ለምን አልደወልኩም? እንዳይሳቅብኝ። ከአማቴ ዓይን የኔ ኩራት በለጠብኝ።

በማግስቱ ተኮሱ። ቀለሁ ምንሽሯ ውስጥ ተተርትሮ እሳቱ ወደ ኋላ ወጣ፣ ጉንጫቸውን ለበለባቸው። ደንግጠን ሮጥን። ዓይናቸው ተርፏል፣ አልሐምዱሊላህ። ጢማቸው በአንድ ወገን ብቻ መቅረቱን ሲያዩ ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ፤ እሳቸውም ሳቁ። እኔስ ምን አደረግሁ? ቀለሁን አንስቼ ኪሴ ከተትኩ። የሚስቴ ወንድም «አባባ ደክመዋል፣ ማጉረስም ረስተዋል» ሲል፣ «ዕድሜ ነው እንግዲህ» ብዬ አገዝኩት። እኔ ነኝ ይህን ያልኩት።

አሁን ደግሞ የኔዋ ልጅ ልትዳር ነው፤ እኔ አባቷ መተኮስ ስለማላውቅ አያቷ እንዲተኩሱላት ለመነቻቸው። ምንሽሯን ጠብመንጃ ጠጋኝ መርምሮ ደህና ናት ብሏል፣ ትክክለኛው ጥይትም ተገኝቷል። ሐጂ ግን «እጄ አይታመንም ልጄ፣ ሌላ ሰው ይተኩስልሽ» አሏት። ልጄ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እኔም አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ።

ዓይናቸውን አላህ ጠበቀልኝ። ስማቸውን ግን የሰረቅኩት እኔ ነኝ፣ የምመልሰውም እኔ ነኝ። ጁምዓ ከሶላት በኋላ ዘመድ ሁሉ እኛ ቤት ይሰበሰባል። ቀለሁን ፊታቸው አስቀምጬ እናገራለሁ። «አፉ ይበሉኝ» የሚለው ኋላ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ሰው ሁሉ እውነቱን ይስማ። ብቻ ከበርጫው በፊት መሆን አለበት፤ ከመረቀንኩማ ራሴን ያዳንኳቸው ጀግና አድርጌ ነው የምጨርሰው።