ቅሉ አልተሰነጠቀም ነበር

መጀመሪያ የታመመው መለከቴ መስሎኝ ነበር።

እኛ በርታዎች ዋዛ የምንለው፣ ከቅል ተቀጣጥሎ የሚሠራ ረጅም መለከት አለን። አሥር አሥራ ሁለት ሰው በረድፍ ቆሞ ይነፋዋል። እያንዳንዱ መለከት ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ ዜማው የሚወጣው ሁሉም በየተራው የራሱን ሲያሰማ ነው። የእኔ ድርሻ ከሁሉ የሚረዝመውና ብዙ ትንፋሽ የሚበላው ነበር። አዲሱ ክልል በተቋቋመባቸው ዓመታት አሶሳ ላይ ስብሰባውም በዓሉም በዝቶ ስለነበር ጠዋት አስተማሪ፣ ከሰዓት ነፊ ሆኜ ከረምኩ። ርዕሰ መምህሩ አይስማኝና የበለጠ የምኮራው በሁለተኛው ነበር።

በአንድ ልምምድ ላይ ድምፄ አጠረ። ደግሜ ብነፋ መሀል ላይ ተቆረጠ። ቅሉ ተሰንጥቆ ነው አልኩና ቤት ወስጄ በሰም ደፈንኩት። በሳምንቱም ያው ሆነ፤ ሌላ ቦታ ደፈንኩ። ሦስተኛ ያልደፈንኩት ሰም አልቆብኝ ነው። በዚያው ሰሞን ደረቅ ሳል ይዞኝ ነበር። ነገር ግን የበጋው ሣር የሚቃጠልበት ወቅት ስለሆነ በጭሱ የማይስል ሰው አልነበረም። ዝናብ ሲመጣ ይተወኛል አልኩ። ዝናቡ መጣ፤ ከተማው ሁሉ ሳሉን ተወ፤ እኔ እየሳልኩ ቀረሁ።

ጣቶቼም ነበሩ። ጠዋት ደርቀው አንታጠፍም ይላሉ። ጠመኔ የምይዘው በጭብጤ ነበር። እሱን ደግሞ በበቆሎ ማሳዬ ዶማ አመካኘሁ። አስተማሪ መቼም መልስ አያጣም።

ነገሩን የገለጠው የነፊዎቹ አለቃ አጎቴ ሙሳ ነው፤ ሰባን ዓመት ያለፈው ሽማግሌ። አንድ ቀን ረድፉን አስቆመና መለከቴን ከእጄ ተቀብሎ አንዴ ነፋው። አጠገባችን ባለው የማንጎ ዛፍ ላይ የነበሩት ወፎች በሙሉ ተነሡ። መልሶ አስታቀፈኝና፣

«ቅሉ ደህና ነው። ወላሂ፣ የተሰነጠቅከው አንተ ነህ» አለኝ።



ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ክፍሌ ሁለት ጊዜ አርፋለሁ። ሸሚዜን የምትቆልፍልኝ ባለቤቴ ሐዋ ሆነች። ከሳሁ። አክታዬ ሦስት ጊዜ ተመረመረ። ቲቢ የለም ተባልኩ። ሌላው ሰው ሲደሰት እኔ ፈራሁ። ቲቢ ስም አለው፤ መድኃኒት አለው። የእኔ ስም አልነበረውም።

ስለ ጣቶቼ ለማንም ሐኪም ተናግሬ አላውቅም። ለሳል የሄደ ሰው ስለ ጣት ምን ያወራል? ትልቁ ጥፋቴ ይህ ነው። በመጨረሻ አሶሳ ሆስፒታል አንድ ወጣት ሐኪም ሊያዳምጠኝ ሸሚዝዎን ይክፈቱ አለኝ። ቁልፉን ያዝኩት። አልፈታ አለኝ። ማዳመጫውን አንገቱ ላይ መለሰና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«መምህር፣ ደረትዎ ይቆይ። መጀመሪያ እጅዎን ይስጡኝ።»

ጣቶቼን አንድ በአንድ ጫን ጫን እያደረገ፣ ጠዋት ለምን ያህል ጊዜ እንደሚደርቁና ሁለቱም እጅ እኩል እንደሆነ ጠየቀኝ። ከዚያ ጀርባዬን አዳምጦ፣ ከታች በኩል ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ ዓይነት ድምፅ አለ አለኝ። ወደ አዲስ አበባ ላከኝ።

አውቶቡሱ ሁለት ቀን ፈጀ። ዝም ስላልኩ ሐዋ ፈራች። እኔ ትንፋሽ እየቆጠብኩ ነበር።

ደሜ ሲመረመር ሩማቶይድ ፋክተር የሚባል የመገጣጠሚያ ሕመም ምልክት ተገኘ። ኤክስሬይና ሲቲ ስካንም ተነሣሁ። የሳንባ ሐኪሟ ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅላ አስረዳችን።

«ሁለት በሽታ አይደለም፤ አንድ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል። ሊምፎሳይትና ማክሮፋጅ የሚባሉ የሰውነትዎ ጠባቂ ሴሎች ጠላት በሌለበት ተነሥተው መገጣጠሚያዎን አስቆጡት፤ ሳንባዎም ውስጥ ገቡ። እሳት ሳይኖር እሳት ሊያጠፉ የመጡ ጎረቤቶች ናቸው፤ ማሳውን የሚረግጡት እነሱ ናቸው።»

ሣር የሚቃጠልበት አገር ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። መልሼ እነፋለሁ ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«የተቆጣው ወደ ደህናው ይመለሳል። ጠባሳ የሆነው አይመለስም። የትኛው እንደሚበዛ አብረን እናያለን።»

ፕሬድኒሶሎን የሚባል ቁጣውን የሚያበርድ ክኒን ጀመርኩ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ አዲስ አበባ ባረፍንበት ቤት፣ ሐዋ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ስትመለስ፣ ሸሚዜን ራሴ ከላይ እስከ ታች ቆልፌ አልጋው ጠርዝ ላይ እንደ ተማሪ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ አገኘችኝ፤ አለቀሰች፤ ቀጥላም አንዱን ቁልፍ በማይሆን ቀዳዳ እንዳስገባሁት አይታ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀችብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። አሶሳ ተመልሼ ደግሞ በመድኃኒቱ የተነሣ ምግብ አልበቃ ብሎኝ የግቢያችንን ማንጎ ስጨርስ፣ ፊቴም ክብ እየሆነ ሲሄድ፣ ጎረቤቶች «መምህር ሊታከም ሄዶ ሙሽራ ሆኖ መጣ» እያሉ ከረሙ። ወራት እያለፉ የክኒኑ መጠን በሐኪሟ ትእዛዝ ቀስ በቀስ ወረደ፤ አዛታዮፕሪን የሚባል ሌላ መድኃኒት ተጨመረልኝ፤ ሳሉም እንደ መጣው ሳይታወቅ ሄደ። በመጨረሻ ለክትትል አዲስ አበባ ስሄድ ሐኪሟ አዲሱን ፊልም ከአሮጌው ጎን ሰቅላ ከሳንባዬ አብዛኛው እንደጠራ፣ ከታች ግን ትንሽ ጠባሳ እንደቀረ አሳየችኝ። ቀላሉን ይንፉ፣ ሲደክምዎ ያቁሙ፣ ረጅሙን ግን ይተዉት አለችኝ።

ይህንን ለአጎቴ ሙሳ መንገር ከሕመሙ ባልተናነሰ ከበደኝ። ለካ እሱ ቦታዬን ለማንም አልሰጠም ነበር፤ በየበዓሉ ዜማው ውስጥ የእኔን ተራ ባዶ እየተዉ ነው የነፉት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ረጅሙን መለከት አንሥቶ የረድፉ ጫፍ ላይ ለሚቆመው ነፊ ሰጠውና የነፊውን ትንሿን መለከት፣ ጀማሪ የሚለማመድባትን፣ ለእኔ ዘረጋልኝ።

«አንድ ድምፅ ነበረህ፤ አሁንም አንድ ነው ያለህ» አለኝ።

በሚቀጥለው በዓል ከሁሉም ጫፍ ላይ ቆሜ ተራዬ ሲደርስ ነፋሁ። አልተቆረጠም። ከወዲያኛው ጫፍ ረጅሙ መለከት መለሰልኝ። ተማሪዎቼ በትንሿ መለከቴ ሲሳለቁ አየኋቸው፤ ተውኳቸው።

እጄን ላየው ወጣት ሐኪም፣ ለሐኪሟ፣ ለሐዋና ለአጎቴ ሙሳ አላህ ዕድሜ ይስጣቸው። እናንተም በዚሁ መንገድ ላይ ያላችሁ፣ ክኒኑን ተሻለኝ ብላችሁ በገዛ እጃችሁ አታቁሙ፤ ለሳል የሄደም ጣቱን አይደብቅ። የደፈንኩት ሰም እስከ ዛሬ ረጅሙ መለከት ላይ አለ። እንላጠው ሲሉ ተዉት ብያለሁ፤ ደህናውን ቅል ስደፍን የከረምኩትን እኔን ሁልጊዜ እንዲያሳየኝ።