የግራ እግር ነጠላ ጫማ እና ማለስለሻው ማሽን

አንድን ሰው ጥፋተኛ ነው ብላችሁ ከወሰናችሁ በኋላ፣ የሚያደርገው ሁሉ ማስረጃ ሆኖ ታይቷችሁ ያውቃል? ዝም ሲል የደበቀ፣ ሲስቅ የቀለደባችሁ ይመስላችኋል። እኔ አንድ ሙሉ ወር እንዲህ ሆኜ አውቃለሁ።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ከጎፋ ወደ መካኒሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ትምህርት ቤት አዲስ የእንጨት ሥራ መምህር ነበርኩ። ወርክሾፓችን ውስጥ አንድ ማለስለሻ ማሽን ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፤ እንደ ቀበቶ የተገጠመ ብርጭቆ ወረቀት በሁለት ሲሊንደሮች ላይ ይሽከረከራል፣ እንጨት ሲጠጋው ይፍቃል። የተሰበሩ ዴስኮችን የምናድሰው በእሱ ነበር። የሚሠሩበት በጊዜያዊነት የተቀጠሩ አናጢ ነበሩ፤ አባቴን የሚያክሉ ሰው ስለሆኑ "ጋሼ" እላቸዋለሁ።

ጥርጣሬዬ ከጠረን ጀመረ። ከክፍል በተመለስኩ ቁጥር ወርክሾፑ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ነገሩን እንደ ትምህርት በቅደም ተከተል አሰብኩት። ጎማ ከሸተተ፣ ከሞተሩ ኃይል የሚያስተላልፈው የጎማ ቺንጊያ እየተንሸራተተ ነው። የሚንሸራተተው ማሽኑ ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ነው። ስለዚህ እኔ ሳስተምር ሰውየው በትምህርት ቤቱ ማሽን ለግላቸው የውጭ ሥራ ይሠራሉ ማለት ነው።

ክዳኑን ከፍቼ ቺንጊያውን አየሁት፤ ደህና ነበር። ይህ ሊያሳርፈኝ ሲገባ ባሰብኝ። ቀይረውት ይሆናል አልኩ።

"ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?"

"አፍንጫህ ነዋ ቲቸር" አሉና እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። ኪሱ አብጦ ነበር።

በማግስቱ በር ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ማሽኑ ይሽከረከራል፤ እንጨት የሚፋቅበት ድምፅ ግን የለም። ስገባ አጠፉት። መሬቱ ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ተበትኗል። በዚያው ቀን "ማሽኑን ከዛሬ ጀምሮ እኔ እይዘዋለሁ" አልኳቸውና ለርዕሰ መምህሩ የክስ ደብዳቤ ጻፍኩ። የሰውየው ውል በሰኔ የሚታደስ ነበር፤ ደብዳቤው ከገባ እንደማይታደስ አውቃለሁ። ንጹሑን ቅጂ "የሚሰጥ" የሚል ፋይል ውስጥ አድርጌ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት።

እንጨታችን የፈረንጅ ጽድ ነበር፤ ሙጫ ይበዛዋል። ማሽኑን በያዝኩ በሦስተኛው ቀን ብርጭቆ ወረቀቱ ማብረቅረቅ፣ እንጨቱን መፋቁን ትቶ ማጥቆር ጀመረ። ስቶር ውስጥ ደግሞ ትርፍ አልነበረም።

"አለቀለት" አልኩ።

"አላለቀም፣ ጠግቦ ነው" አሉ ጋሼ ከበሩ። "ዞር በል እስቲ።"

ከኪሳቸው አንድ የግራ እግር ነጠላ ጫማ አወጡ። ማሰሪያው የለም፤ የጎማ ሶሉ መሐሉ ተቦርቡሯል። ማሽኑን አስነስተው ሶሉን በሚሽከረከረው ወረቀት ላይ ቀስ አድርገው ጫን አደረጉት። ያ ጠረን መጣ። ጎማው እየተፈረፈረ ሙጫና ዱቄቱን ነቅሎ ወደቀ፤ ወረቀቱም የቀድሞ መልኩን ያዘ። ማሽኑ ሲቆም በጣቴ ነካሁት፤ ቧጠጠኝ።

"ታዲያ ለምን ደበቁኝ?"

"ከአንተ በፊት የነበረው ቲቸር አይቶኝ፣ ለማሽኑም ጫማ ገዛህለት እንዴ ብሎ ተማሪ አሳቀብኝ። አንተ ደግሞ ዲፕሎማ አለህ፤ ትብሳለህ ብዬ ነው።"

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

"ደብዳቤውን መቼ ነው የምትሰጠው?" አሉ። "እርሳስ ስፈልግ አየሁት። እጅ ጽሑፍህ ግን ሲያምር!"

ደብዳቤውን አውጥቼ ፊታቸው ቀደድኩት። በምትኩ ሌላ ጻፍኩ፤ ብርጭቆ ወረቀታችን እንዳላለቀና ያዳነውም ማን እንደሆነ። ይህንን በፋይል ሳላስቀምጥ ወዲያው ወስጄ ሰጠሁ። በሰኔ ውላቸው ታደሰ።

እናንተ ግን እንዲሁ አትመኑኝ። ቤታችሁ ውስጥ ዱቄት የደፈነው ብርጭቆ ወረቀት ካለ አትጣሉት። ጠረጴዛ ላይ ዘርጉትና በአሮጌ ነጠላ ጫማ የጎማ ሶል ጫን እያላችሁ በአንድ አቅጣጫ ፈትጉት። ከዚያ በጣታችሁ ነክታችሁ ራሳችሁ ፍረዱ።