ከደካ የመጣው ቅጠል

አልጣሽ ስትቆጣ ድምጿ ዝቅ ይላል። ቦንጋ ውስጥ አብረዋት የሠሩ ሁሉ ያውቁታል፤ ጮክ ብላ ስታወራ ደህና ናት፣ ማንሾካሾክ ስትጀምር ግን ዘወር ማለት ነው።

ከደብረ ታቦር ተመድባ የመጣች የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ ነበረች። ሥራዋ እንሰት ላይ ነው። አጠውልግ የሚባለው በሽታ የገበሬውን ጓሮ ሲያራቁት አንዳንዱ ተክል ሳይነካ ይቀራል። ምክንያቱን ቅጠሉ ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖች ለማወቅ አንድ ፕሮጀክት ተቋቁሞ ነበር። የሚገኘው መረጃም ማንም አውርዶ እንዲጠቀምበት ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይለቀቃል ተብሎ ነበር።

በ2007 ክረምት ደካ ከሚባል የገጠር ቀበሌ የእንሰት ቅጠል ጭና ስትመለስ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። የሚጎትት እስኪገኝ ቅጠሉ በታሸገበት ሳጥን ውስጥ ያለው በረዶ ቀለጠ። ፕሮቲን ሲሞቅ ይሰባበራል፤ ከዚያ በኋላ የላቦራቶሪው መሣሪያ የሚያነበው በሽታው ያመጣውን ይሁን ሙቀቱ ያበላሸውን መለየት አይቻልም። አልጣሽ ቦንጋ እንደገባች ለፕሮጀክቱ ኃላፊ ለዶክተር ከፈለኝ ነገረቻቸው።

«የደካው ተበላሽቷል። ይጣልና እንደገና ልሂድ።»

«እሺ፣ እናየዋለን» አሏት።

ብዙም ሳይቆይ ወሊድ ፈቃድ ወጣች። ተጥሏል ብላ አምና ነበር።

ወደ ሥራ ተመልሳ ከዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ስልክ ተደወለላት። ደዋዩ ሰሚር የሚባል የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ነው፤ ስሟን ያገኘው ከተለቀቀው መረጃ ላይ ነበር።

«በደካው መረጃችሁ ላይ ተመሥርቼ ዓመት ሙሉ ሠራሁ» አላት። «ራሴ ባበቀልኩት ተክል ላይ ስሞክረው ግን አንዱም ውጤት አልመጣልኝም። ምን አጥፍቼ ይሆን?»

አልጣሽ መረጃው የተለቀቀበትን ገጽ ከፈተች። የደካው ቅጠል መረጃ እዚያ አለ። ከሥሩ «እንደተቆረጠ ቀዝቅዞ ሳይቀልጥ የተጓጓዘ» ተብሎ ተጽፏል። ናሙናውን የሰበሰበችው ደግሞ አልጣሽ ናት ይላል።

ዶክተር ከፈለኝ ቢሮ ስትገባ ቁጭ በይ አሏት። አልተቀመጠችም።

«በረዶው መቅለጡን ነግሬዎት ነበር» አለች፤ ድምጿ በግድ ይሰማል።

«ሪፖርት ማስገቢያው ደርሶ ነበር፣ አልጣሽ። ደግሞ በነፃ ነው የሰጠነው። የሚጠቀምበት ሰው ራሱ ያጣራ።»

«በምን ያጣራ? መኪናው ውስጥ አልነበረም። እኔና እርስዎ ካልነገርነው ከየት ያውቃል?»

«አንድ ሳጥን ነው። ከሺሺንዳ የሰበሰብነው ቅጠል ጥሩ ነው።»

«በደካው ከዋሸን የሺሺንዳውን ማን ያምነናል? ልጁ እኮ ጥፋቱን ከራሱ ላይ እየፈለገ ነው።»

ዶክተር ከፈለኝ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ፕሮጀክቱን ልታዘጊ ነው እንዴ?» አሏት። አልጣሽ በሩን ከፍታ ወጣች።

መጀመሪያ የደወለችው ለሰሚር ነበር። ያጠፋኸው የለም፣ ጥፋቱ የእኛ ነው አለችው። «ዓመቴስ?» አላት። ንዴቷ ያን ጊዜ ባሰ።

በዚያው ዕለት የመረጃ ቋቱን ለሚያስተዳድሩት ሰዎች የሆነውን ሁሉ በኢሜይል ገለጸች። የደካው ወረደ፤ በቦታውም ለምን እንደወረደ የሚገልጽ ማስታወቂያ ተለጠፈ።

በሚቀጥለው ግምገማ አልጣሽ ተነሺ ተባለች። የቡድን ሥራ አታውቅም፣ የመሥሪያ ቤቱን ገጽታ አበላሽታለች ተባለ። ሂሷን እንድትውጥ ሲጠይቋት፣ «ቅጠሉን የሰጡን ሰዎች ጓሯቸው እየጠፋ ነው። እኛ ስለ ገጽታ እናወራለን» አለች። በድምፅ ብልጫ ከፕሮጀክቱ አስወጧት። ሥራውን ሲያስተምራት የኖረ ባልደረባዋ ቢሻው እንኳን ትውጣ ብሎ እጁን ሲያወጣ አየችው።

በበጋ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ከሰሚር ጋር ደካ ሄደች። አዲስ ቅጠል ይዘው ወጡ፤ በረዶውን በየመንገዱ እየፈተሹ ሰሚር የሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ደረሱ። ውጤቱ እንደ መጀመሪያው የሚያስደንቅ አልነበረም፤ በሽታውን በሚቋቋመውና በሚጠፋው መካከል ልዩነት ያሳዩት ፕሮቲኖች ጥቂት ናቸው። ነገር ግን ሰሚር ሲደግመው ያው ውጤት መጣለት። ለሕዝብ ሲለቁት እያንዳንዱ ናሙና እንዴት እንደተጓዘ፣ የትኛውን እንደተጠራጠሩም ጭምር ጻፉበት።

ሰሚር ዘግይቶ ተመረቀ። ዶክተር ከፈለኝ ገበያ ላይ ሲያገኟት ሰላም ይሏታል፤ እሷ አትመልስም።