የስምንተኛ «ለ» ጩኸት

ተማሪዎቿ «እትዬ ፊዚክስ» ይሏታል። ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማረች ሴት ናት። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ጆሮዋ እየደከመ ሄደ። መጀመሪያ የጠፋባት የባሏ ፉጨት ነው፤ እሱ ጓዳ ሆኖ ያፏጫል፣ እሷ ምንም አትሰማም። ለእሱ አልቅሳ ነገረችው። ትምህርት ቤት ግን ትንፍሽ አላለችም፤ ከክፍል ያስወጡኛል ብላ ፈራች።

ደግነቱ ዘንድሮ የደረሳት ስምንተኛ «ለ» ነው። ልጆቹ ጥያቄ ሲመልሱ ጣሪያ ሊነቅሉ ይደርሳሉ። «ፊዚክስ ቢወዱ ነው» እያለች በልቧ ትኮራ ነበር።

ሰኞ ዕለት አዲስ ተማሪ መጣች። እትዬ ፊዚክስ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ልጅቷ የክፍል አለቃዋን በሹክሹክታ አንድ ነገር ጠየቀቻት። አለቃዋ ልማድ ሆኖባት ጮክ ብላ መለሰች፦

«የምንጮኸው እትዬ ስለማይሰሙ ነው! ለማንም እንዳትናገሪ፣ ሚስጥር ነው!»

 መምህርቷ ዞር ስትል አለቃዋ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ፣ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልን!»

መምህርቷ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ደወሉ እንደተደወለ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄዳ ሁሉንም ራሷ ተናገረች።

«ሐኪም ዘንድ ሄደው የጆሮ መሣሪያ ያስገጥሙ እንጂ እርስዎንስ አንለቅም!» አላት።

ደስታው እግሯን መሬት አላስረግጥ አላት። ቤት ስትደርስ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ ለባሏ ጀመረችለት፦

«ሠላሳ ስምንት ልጅ! ስድስት ወር ሙሉ! እስከ ዛሬ አንዱም ከአፉ አላመለጠውም! እኔን ብለው እኮ ነው!»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ጎረቤት ይሰማል» አላት እየሳቀ።

«ይስማ!»